ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና የሰሚዎቹ ጭብጨባ

በአንደበቱ የሚያገለግል ሰው ሁሉ፥ ሰባኪም ቢሆን፥ የመጻሕፍት መምህርም ቢሆን፥ በማኅሌት የሚቆም መሪጌታም ቢሆን፥ ሁለት ልዩ ልዩ ዋጋዎች በፊቱ ቀርበው ይጠብቁታል። አንደኛው ዋጋ ሰሚውን ረትቶ ከክፉ ሥራ ወደ በጎ ሥራ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ ከሰሚው ዘንድ ምስጋናን መቀበል ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ነገር ከቤተ ክርስቲያን አባቶች መካከል ጠንቅቆ ያወቀው፥ በገዛ ሰውነቱም የተፈተነበት፥ ስለ ንግግሩ ጣዕም አፈ ወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአባታችንን ታሪክ በሙሉ ለመተረክ አንችልም፤ ከሕይወቱ መካከል ይህን ነገር የሚያስረዳውን ክፍል ብቻ ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ የተወለደው በ4ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ በ347 ዓ.ም. ገደማ፥ በታላቂቱ የሶርያ ከተማ በአንጾኪያ ነው። አባቱ ሴኩንዶስ በሠራዊቱ ክፍል ሹም ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ መበለት ሆና ቀረች፤ ሌላ ባል ሳታገባም ልጇን በማሳደግ ጸናች። ልጁም ለከፍተኛ ትምህርት በደረሰ ጊዜ በዚያ ዘመን በንግግር ጥበብ ስሙ ከገነነው ከሊባንዮስ ዘንድ ገብቶ ተማረ። ሊባንዮስ ሃይማኖቱ አረማዊ ነበረ፤ ጥበቡ ግን ከሩቅ አገር ደቀ መዛሙርትን ይስብ ነበር።

በግሪኮች የንግግር ትምህርት ቤት ተማሪው የንግግርን ዓይነት ለይቶ እንዲያውቅ ይደረግ ነበር። አንዱ ዓይነት ነገረ ፈጅ በሸንጎ ቆሞ በዳኛ ፊት የሚናገረው የሙግት ንግግር ነው፤ አንዱ ዓይነት በጉባኤ የሚቀርብ የምክር ንግግር ነው፤ አንዱ ዓይነት ደግሞ በበዓል ቀን ጥበቡን ለማሳየት የሚቀርብ የውዳሴ ንግግር ነው። በሙግት ንግግር ሰሚው ዳኛ ነውና ተናጋሪው የሚፈልገው ፍርዱን ነው። በውዳሴ ንግግር ግን ሰሚው ተመልካች ነውና ተናጋሪው የሚፈልገው አድናቆቱን ነው። በአገራችንም በቀድሞ ዘመን በበላ ልበልሃ ሥርዓት ይሟገቱ የነበሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ በአነጋገሩ ቢደነቅም ዳኛው ካልፈረደለት ተሟጋቹ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበርና።

ዮሐንስ በወጣትነቱ ሁለቱንም ቀምሶ ነበር። ሸንጎ መዋል ይወድ ነበር፤ የቴአትር ቤት ደስታም ይማርከው እንደ ነበረ በኋላ ዘመን ራሱ ጽፎታል። ሊባንዮስም በዕለተ ሞቱ ወንበሩን ማን ይውረስ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ክርስቲያኖች ባይወስዱት ኖሮ ለዮሐንስ ይገባ እንደ ነበር መመለሱን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊው ሶዞሜኖስ መዝግቦአል። ዮሐንስ ግን ያን ሁሉ ተስፋ ትቶ፥ በ368 ዓ.ም. ገደማ ከጳጳሱ ከሜሌጥዮስ እጅ ተጠምቆ፥ ቀጥሎም አናጕንስጢስ ሆኖ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ተራራ ወጣ። በዚያም አራት ዓመት ከአንድ አረጋዊ መነኵሴ ጋር፥ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ኖረ። ከጾሙና ከብርዱ ጽናት የተነሣ ሆዱና ኵላሊቱ ስለ ተጎዱ ወደ ከተማ ተመለሰ። እኛ እንደሚመስለን እነዚያ ስድስት ዓመታት ለኋላው ስብከቱ ታላቅ መሠረት ናቸው። በዋሻ ውስጥ ቃሉን የሚያደንቅለት ሰው አልነበረምና፥ ያለ ተመልካች መኖርን በዚያ ተማረ።

በ381 ዓ.ም. ዲቁናን፥ በ386 ዓ.ም. ከጳጳሱ ከፍላብያኖስ እጅ ቅስናን ተቀበለ። ስለ ክህነት በጻፈው በስድስት ክፍል በተከፈለው መጽሐፉ፥ አምስተኛውን ክፍል የሰጠው ለሰባኪ ፈተና ነው። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው። ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ሊማር ሳይሆን፥ እንደ ውድድር ተመልካች በሰባኪዎች መካከል ሊያበላልጥ ነው። ስለዚህ ሰባኪ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ምስጋናን መናቅ ነው፥ ሁለተኛው የመናገር ችሎታ ነው። ምስጋናን የናቀ ሰው ችሎታ ከሌለው ሕዝቡ ይንቀዋል፥ የሚጠቅመውም ሰው አይገኝም። ችሎታ ያለው ሰው ምስጋናን ካልናቀ ደግሞ የሚጠቅመውን ትቶ ደስ የሚያሰኘውን ይናገራል፤ ሕዝቡን በመምራት ፈንታ በሕዝቡ ይመራል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዮሐንስ ሰባኪው ንግግሩን እንዲያኮላሽ አልመከረም። እንዲያውም ጥሩ ተናጋሪ ከሌላው አብልጦ መድከም እንዳለበት አስተምሮአል፤ ትላንት ያደነቀው ሰሚ ዛሬም ያንኑ ይጠብቃልና። የሚጠላው ጥበቡን አይደለም፤ የጥበቡን ዋጋ ከሰው እጅ መፈለግን ነው እንጂ።

በአንጾኪያ 12 ዓመት ሲሰብክ ይህ ፈተና ዕለት ዕለት ይገጥመው ነበር። በዚያ ዘመን ምእመናን የቴአትር ቤትን ልማድ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገቡ ነበርና፥ አንድ መልካም ቃል በሰሙ ጊዜ ያጨበጭባሉ፥ ይጮኻሉ። ፈጣን ጸሓፍትም ቃሉን ከአፉ እየተቀበሉ ይጽፉ ነበር። ሕዝቡ በንግግሩ ተመስጦ ሲቆም ሌቦች ኪሱን ስለሚፈቱ፥ ዮሐንስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ይዘው እንዳይመጡ እስከ መምከር ደርሶ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ መብራት የሚያበራው ሰው ሲገባ ሰሚዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መብራቱ ስላዞሩ ገሥጾአቸዋል። ያ ሕዝብ ጆሮው ፈጣን፥ ዓይኑም ተቅበዝባዥ ነበር፤ ማስደነቁ ቀላል፥ መለወጡ ግን ጭንቅ ነበር።

በ387 ዓ.ም. ግን የቀልድ ጊዜ አለፈ። ንጉሡ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር በጣለ ጊዜ የአንጾኪያ ሕዝብ ተቈጥቶ የንጉሡንና የሞተችውን የንግሥቲቱን የፍላቂላን፥ የልጆቻቸውንም ሐውልቶች እየጣለ ሰበረ። ይህ በንጉሥ ላይ እንደ መነሣት የሚቈጠር በደል ነበረና፥ ወዲያው ብዙዎች በሞት ተቀጡ፤ ከተማዪቱም እንዳትጠፋ ፈርታ ተንቀጠቀጠች። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ፥ እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች፥ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ገሠገሠ። ዮሐንስም በዚያው በዐቢይ ጾም ወራት የቀረውን ሕዝብ ሊያጽናና ተነሣ። ስለ ሐውልቶቹ የሚባሉት ስብከቶቹ ከዚያ ወራት የተገኙ ናቸው።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሕዝቡ ማጨብጨቡን አልተወም ነበር። ዮሐንስ ግን ቤተ ክርስቲያን ቴአትር ቤት እንዳይደለች፥ እርሱም የሚሻው ምስጋና የተናገረውን በሥራ ሲያዩ ብቻ እንደ ሆነ ገለጠላቸው። ከዚያም ሊረታው የሚፈልገውን አንድ ልማድ ለየ፤ ይኸውም በከንቱ መማል ነው። የአንጾኪያ ሰው በገበያም በቤትም በማናቸውም ነገር ይምል ነበር። ስለዚህ ዮሐንስ የፈለገውን ሌላ ነገር ቢያስተምርም፥ በስብከቱ መጨረሻ ወደ መሐላው ይመለሳል። ሰሚዎቹ ነገሩ ሰለቸን ቢሉትም አልተወም፤ ልማዳቸውን ሳይተዉ ነገሩን እንደማይተው አስታወቃቸው። ሄሮድስ ስለ መሐላው ያስቈረጠውን የመጥምቁን ራስ እያንዳንዱ በልቡናው ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ እስከ ማዘዝ ደረሰ። ለምስጋና የሚናገር ሰው ይህን አያደርግም፤ ምስጋና የሚገኘው ዕለት ዕለት አዲስ ነገር በማምጣት ነውና። ለመርታት የሚናገር ሰው ግን ዳኛው እስኪፈርድ ድረስ ያንኑ ነገር ይመላልሳል።

የፋሲካ በዓል በቀረበ ጊዜ ፍላብያኖስ የንጉሡን ምሕረት ይዞ ተመለሰ። የሽማግሌው ልመና በቤተ መንግሥት የቀረበው ለተመልካች አልነበረም፤ ሕዝቡ ከሞት ይድን ዘንድ አንድን ልብ ለመርታት ነበር፥ ረታም። ዮሐንስም የመምህሩን ድል ለሕዝቡ ሲተርክ ለራሱ ስም አልፈለገም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰባኪ የሚናገረው ለመርታት ከሆነ፥ ሳይረታ ሲቀር ምን ይሁን? አድናቆትን የናቀ ሰው በተስፋ መቍረጥ ሊወድቅ አይችልምን? ዮሐንስ ይህንንም አስቦበታል። ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጠጋው በሰጠው ትምህርት፥ ምንጭ የሚቀዳው ሰው ባይመጣም መፍሰሱን እንደማያቋርጥ፥ እንዲሁም ሰባኪ የሚሰማው ባይኖር ቃሉን እንዳያቋርጥ አስተምሮአል። ከብዙ ሰሚ አንድ ሰው ብቻ ቢመለስም ድካሙን ሁሉ የሚያስረሳ ነው፤ ማንም ባይመለስም የተሰጠውን አደራ ያደረሰ አገልጋይ ዋጋው ከጌታው ዘንድ ተጠብቆለታል። ስለዚህ ለመርታት መናገር ማለት ድልን በእጅ መያዝ ማለት አይደለም፤ ድሉን እንጂ ጭብጨባውን አለመፈለግ ማለት ነው።

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያው ንቅጣርዮስ ባረፈ ጊዜ፥ በቤተ መንግሥት ኀያል የነበረው ጃንደረባ ኤውትሮጵዮስ ዮሐንስን ለዚያ መንበር መረጠው። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይከለክል ተፈርቶም በስውር ከከተማ ወጥቶ ተወሰደ፤ በ398 ዓ.ም. ተሾመ። እርሱም የቤቱን ግብዣና ጌጥ አስቀርቶ ገንዘቡን ለሕሙማንና ለድኆች አዋለው። በዓመቱ በ399 ዓ.ም. ታላቅ ዝናም እህሉን ሊያጠፋ በተቃረበ ጊዜ ሕዝቡ በምሕላ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ግን ያው ሕዝብ ዐርብ ወደ ሠረገላ እሽቅድምድም፥ ቅዳሜ ወደ ቴአትር ቤት ሮጠ። የሠረገለኞቹ ጩኸት ከጳጳሱ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ዮሐንስም እሑድ ቀን በመረረ ኀዘን ገሠጻቸው። በምሕላ የጮኸ አንደበትና በእሽቅድምድም የጮኸ አንደበት አንድ እንደ ነበረ ስንመለከት፥ የሕዝብ ጩኸት ምን ያህል የማይታመን ሚዛን እንደ ሆነ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት ኤውትሮጵዮስ ከሥልጣኑ ወደቀ። ይህ ሰው ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን የመማጠንን መብት በሕግ አጥብቦ ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ሸሽቶ ከመሠዊያው እግር ሥር ተጣበቀ። ወታደሩም ሕዝቡም ሊገድሉት ፈለጉ። ዮሐንስ በዚያ በተጨነቀ ሰው ፊት ባደረገው ስብከት፥ ትላንት በቴአትርና በእሽቅድምድም ስፍራ ያጨበጭቡለት የነበሩት ሁሉ ዛሬ እንዴት እንደ ተበተኑ አሳየ። አንዳንዶች የወደቀን ሰው ዘለፈ ብለው ነቅፈውታል። የስብከቱን ፍጻሜ ያየ ሰው ግን ዓላማውን ያውቃል፤ የሕዝቡን ቍጣ ወደ ርኅራኄ መልሶ፥ ዕንባቸውን ባየ ጊዜ ሁሉም አብረው ለዚያ ሰው ነፍስ ንጉሡን እንዲለምኑ ጠየቀ። የሕዝቡን ጭብጨባ ቢፈልግ ኖሮ መንገዱ ቀላል ነበር፤ ጠላታቸውን አሳልፎ መስጠት ብቻ ይበቃው ነበር። ኤውትሮጵዮስ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ተያዘ፥ ተሰደደ፥ መጨረሻም ተገደለ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን በመሠዊያው ሥር ደሙ አልፈሰሰም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሐዋርያት ሥራን ሲተረጕም፥ በሠላሳኛው ስብከት፥ ዮሐንስ የልቡን ምሥጢር ገለጠ። ሰው ነኝና ሲጨበጨብልኝ ደስ ይለኛል ማለትን አላፈረበትም። ወደ ቤቱ ገብቶ ግን ያጨበጨቡት ሰዎች ምንም ሳይጠቀሙ እንደ ሄዱ፥ ቢጠቀሙም እንኳ ጥቅሙ በጭብጨባው እንደ ጠፋ ሲያስብ፥ ደስታው ወደ ልቅሶ ይለወጥበት ነበር። የአሕዛብ ፈላስፎች ሲያስተምሩ እንደማይጨበጨብላቸው፥ ጌታም በተራራ ባስተማረ ጊዜ ሕዝቡ በጸጥታ እንደ ሰማው አሳሰባቸው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በስብከት መካከል እንዳያጨበጭብ ሕግ ሊደነግግ ተነሣ። ያን ጊዜ ምን ሆነ ቢሉ፥ ሕጉን ሲናገር ሕዝቡ በንግግሩ ማማር ተደስቶ አጨበጨበ። ጭብጨባን የሚከለክለው ቃል በጭብጨባ ተሸፈነ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለሰባኪ ከዚህ የሚበልጥ ኀዘን የለም። ቃሉን ወድደውለት ነገሩን አልተቀበሉትምና።

በአባቶች መካከል በተነሣው አሳዛኝ ክርክር የተነሣ፥ የእስክንድርያው ቴዎፍሎስ በመራው በኬልቄዶን አጠገብ በተሰበሰበው ጉባኤ ዮሐንስ በ403 ዓ.ም. ከመንበሩ እንዲወርድ ተፈረደበት። ሆኖም ወዲያው ተመልሶ ሕዝቡ ችቦ አብርቶ በእልልታ ተቀበለው። ጥቂት ወራት ሳይቈይ ለንግሥቲቱ ለአውዶክስያ የብር ሐውልት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተተከለ፤ በዚያም የሚደረገው ዘፈንና ጨዋታ፥ ጩኸትም ጸሎቱን የሚያውክ ሆነ። ዮሐንስ ይህን ስለ ተቃወመ የቤተ መንግሥቱ ቍጣ ነደደበት፤ በሰኔ ወር 404 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሰደድ ታዘዘ።

የዚያ ቀን አወጣጡ ከስብከቶቹ ሁሉ ይልቅ የልቡን እውነት ይመሰክራል። ሕዝቡ በውጭ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር፤ ቢታያቸው ኖሮ ሁከት ተነሥቶ ደም ይፈስ ነበር። ስለዚህ የሚቀመጥባት በቅሎ በምዕራብ በር እንደ ወትሮው ተጭና እንድትቆም አዘዘ፤ የሕዝቡ ዓይን ወደ ምዕራብ ሲመለከት እርሱ ኦሊምጵያስንና ሌሎቹን ዲያቆናውያት ተሰናብቶ በምሥራቅ በኩል በጸጥታ ወጣ። በሺህ የሚቈጠር ሰው ስሙን እየጠራ ሊሸኘው ሲችል፥ ማንም የማያየውን በር መረጠ። የሕዝቡን ጩኸት ሳይሆን የሕዝቡን ሕይወት ፈለገና።

ከዚያ በኋላ በአርመን አገር በኩኩሶስ በስደት ኖረ። ያ ወርቅ አንደበት ታላቅ ጉባኤ አጣ፤ በብዕርና በወረቀት ግን ሩቅ ያሉትን እያጽናና 240 ያህል መልእክታት ትቶልናል። በ407 ዓ.ም. ከዚያም ወደ ራቀው በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለው ወደ ፒትዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በፀሓይና በዝናም እያስኬዱ ስላደከሙት፥ በኮማና አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን፥ መስከረም 14 ቀን ነጭ ልብስ ለብሶ፥ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ፥ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ በታላቅ ክብር ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ። አፈ ወርቅ የሚለውም ስም የጸናለት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ከምስጋና ሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ሊሰማው በማይችልበት ጊዜ ተሰጠው።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ ከ14ቱ ቅዳሴያት ጋር ትቀድሳለች፤ ኅዳር 17ና ግንቦት 12 ቀንም ታስበዋለች። እንግዲህ በቅዳሴው የምንጠቀም በምክሩም ልንጠቀም ይገባናል። በቅኔ ጉባኤ ምሥጢሩ የሠመረ ቅኔ ሲሰማ ሊቃውንቱ ይበል ይላሉ፤ ምእመናንም ደስ ባላቸው ጊዜ እልል ይላሉ። ይህ ለእግዚአብሔር ምስጋና ሲሆን መልካም ነው፥ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ቅኔ ተቀባዩ በልቡ ምሥጢሩን ትቶ ይበል የሚለውን ድምፅ ሲጠብቅ፥ ሰባኪውም እልልታ የሚያስነሣውን ቃል እየመረጠ ንስሓ የሚያስገባውን ቃል ሲተው፥ ያን ጊዜ የአንጾኪያ ቴአትር ቤት ወደ መቅደስ ገብቶአል። ይልቁንም ዛሬ ስብከት ሁሉ ተቀርጾ በየእጅ ስልኩ በሚታይበት፥ የተመልካቹም ብዛት ወዲያው በቍጥር በሚታወቅበት ጊዜ፥ ፈተናው ከዮሐንስ ዘመን ይልቅ በርትቶአል። ዮሐንስ ጭብጨባውን ወደ ቤቱ ሲገባ ይተወው ነበር፤ የዛሬው ሰባኪ ግን ጭብጨባውን በኪሱ ይዞት ይገባል።

ስለዚህ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ከዐውደ ምሕረት ስንወርድ ሕዝቡ እንዴት ሰማን ብለን ከመጠየቅ ይልቅ፥ የተጣላ ታረቀ ወይ፥ የሰው ገንዘብ የወሰደ መለሰ ወይ፥ በከንቱ የሚምል ተወ ወይ ብለን እንጠይቅ። ምእመናንም ሰባኪን የምናከብርበት እውነተኛ ምስጋና የእጃችን ድምፅ ሳይሆን የእጃችን ሥራ መሆኑን እንወቅ። ሰባኪው ዋጋውን ከምንጩ ያገኛልና የሚቀዳ ቢጠፋ አይዘን፤ ሰሚውም በምንጩ አጠገብ ቆሞ ውኃውን እያደነቀ በጥም እንዳይሞት ይጠንቀቅ።

የአባታችን የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።